ሴናተሩ በሁለት ቀን የሰጠውን ለማስመለስ ስድስት ዓመት ፈጀበት

(በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ቀናትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ፉልብራይት» ለኢትዮጵያዊ ምሁር የስኮላርሺፕ ስም ነው። የዩኒቨርሲቲ መምህር «ፉልብራይት ደረሰኝ» ካለ ሻንጣውን ሊያዘጋጅ ነው ማለት ነው። ከስሙ ጀርባ አንድ ሰው እንዳለ፣ ሰውየውም የራሱን ፓርቲ ፕሬዚዳንት በአደባባይ የተጋፈጠ ሴናተር እንደነበር የሚያስታውስ ግን ብዙ አይደለም። ጠቡ የተነሳው በቬትናም ጦርነት ነው። ታሪኩን እንደ ተራ የጀግና ታሪክ ለመተረክ የሚያስቸግር አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ለዚያ ጦርነት የሕግ በር የከፈተው ራሱ ፉልብራይት ነበር።

ዊልያም ፉልብራይት በ1905 ሚዙሪ ውስጥ ተወልዶ ያደገው በአርካንሳስ ግዛት፣ ፌይትቪል በምትባል ከተማ ነው። ኦክስፎርድ ተማረ፣ ሕግ አስተማረ፣ በ34 ዓመቱ የአርካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሆነ። በ1945 ሴኔት ገባ። በማግስቱ ዓመት ስሙን ያስጠራውን የትምህርት ልውውጥ ሕግ አስወጣ፤ ገንዘቡም የተገኘው አሜሪካ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በየአገሩ ጥላው የቀረችውን የጦር ዕቃ ከመሸጥ ነበር። የጦርነት ትራፊ ተሽጦ ተማሪ ማስተማሪያ ሆነ። በ1954 ደግሞ ጆሴፍ ማካርቲ ያገኘውን ሁሉ ኮሚኒስት እያለ አገር ሲያምስ፣ የማካርቲን የምርመራ ንዑስ ኮሚቴ በጀት በመቃወም ሴኔቱ ውስጥ ድምፅ የሰጠው ፉልብራይት ብቻ ነው። ማካርቲ ስሙን አጣሞ «ሃፍብራይት» ይለው ነበር። «ፉልብራይት» ለእንግሊዝኛ ጆሮ «ሙሉ ብሩህ» እንደማለት ስለሚሰማ፣ «ግማሽ ብሩህ» ማለቱ ነው። ከዓመታት በኋላ ይህችን ስድብ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰንም ወርሷታል።

ጆንሰንና ፉልብራይት ግን ወዳጆች ነበሩ። ሁለቱም የደቡብ ሰዎች፣ ሁለቱም ዴሞክራቶች ናቸው። ፉልብራይት በ1959 የሴኔቱ የውጭ ግንኙነት ኮሚቴ ሰብሳቢ ሲሆን የሴኔቱ አብላጫ መሪ ጆንሰን ነበር። በ1960 ኬኔዲ ሲመረጥም ጆንሰን ፉልብራይት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር እንዲሆን ግፊት አድርጓል። ቦታውን ያገኘው ዲን ረስክ ነው። ፉልብራይትን ያስቀረው ምን እንደነበር ወደኋላ እንመለስበታለን።

ነሐሴ 1964። በቶንኪን ባሕረ ሰላጤ፣ ከሰሜን ቬትናም ጠረፍ ፊት ለፊት፣ ማዶክስ የተባለችው የአሜሪካ የጦር መርከብ የስለላ ቅኝት ላይ ነበረች። ነሐሴ 2 ቀን የሰሜን ቬትናም ቶርፒዶ ጀልባዎች ተኮሱባት። ይህ በርግጥ የሆነ ነገር ነው። ነሐሴ 4 ሌሊት ግን ማዶክስና አብራት የነበረችው ተርነር ጆይ እንደገና ጥቃት ተከፈተብን አሉ። ሌሊቱ ጨለማ ነው፣ ባሕሩ ይናወጣል፣ ጠላት አለ የሚሉት ራዳርና ሶናር ናቸው። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ በቦታው የነበረው አዛዥ ራሱ ተጠራጠረ። መጥፎው አየርና የተደናገጡ ሶናር አድማጮች አሳስተውን ሊሆን ይችላል፣ ሌላ እርምጃ ከመወሰዱ በፊት ነገሩ በደንብ ይጣራ የሚል መልእክት ላከ።

ዋሽንግተን አልጠበቀችም። ጆንሰን በዚያው ሌሊት በቴሌቪዥን ቀርቦ የአጸፋ ጥቃት መታዘዙን ለሕዝብ ተናገረ። በማግስቱ ለኮንግረስ አንድ የውሳኔ ሐሳብ ላከ። ፍሬ ነገሩ፣ ፕሬዚዳንቱ በአሜሪካ ኃይሎች ላይ የሚሰነዘርን ጥቃት ለመመከትና በደቡብ ምሥራቅ እስያ እርዳታ የሚጠይቁ ወዳጅ አገሮችን ለማገዝ አስፈላጊ የመሰለውን ሁሉ እንዲያደርግ ኮንግረሱ ይደግፈዋል የሚል ነው። ቀን ገደብ የለውም። የጦር ብዛት ገደብም የለውም።

ይህን ሰነድ በሴኔት በኩል የማሳለፉ ኃላፊነት የፉልብራይት ነበር። ነሐሴ 6 የውጭ ግንኙነትና የመከላከያ ኮሚቴዎች በዝግ ተሰብስበው የመከላከያ ሚኒስትሩን ሮበርት ማክናማራን ሰሙ። ከኦሪገን የመጣው ሴናተር ዌይን ሞርስ ከፔንታገን አንድ ሰው በስልክ ሹክ ብሎት ስለነበር፣ በዚያው ሰሞን ደቡብ ቬትናሞች በሰሜኑ ደሴቶች ላይ ካደረሱት ወረራ ጋር መርከቦቹ ግንኙነት ነበራቸው ወይ ብሎ ጠየቀ። ማክናማራ የባሕር ኃይሉ በወረራው እጁ የለበትም፣ የሚያውቀውም ነገር አልነበረም አለ። ስብሰባው ሁለት ሰዓት እንኳ ሳይሞላ አበቃ።

ከዚያ የሴኔቱ ክርክር መጣ፤ ከሁሉም በላይ ቆም ብሎ ማየት የሚገባው ይህ ነው። የኬንታኪው ሪፐብሊካን ጆን ሸርማን ኩፐር ተነስቶ ጥርት ያለ ጥያቄ ጠየቀ። ፕሬዚዳንቱ ወደ ጦርነት የሚያስገባ ኃይል መጠቀም ያስፈልጋል ብሎ ቢወስን፣ በዚህ ሰነድ ሥልጣኑን አስቀድመን መስጠታችን ነውን? ፉልብራይት አዎ፣ እኔም የምተረጉመው እንደዚያ ነው አለ። አልሸሸም፣ አልተምታታበትም። የዊስኮንሲኑ ዴሞክራት ጌይሎርድ ኔልሰን ደግሞ ማሻሻያ አዘጋጅቶ መጣ፤ ኮንግረሱ ጦርነቱ እንዲሰፋ እንደማይፈልግ የሚገልጽ አጭር ዐረፍተ ነገር። ፉልብራይት በይዘቱ እስማማለሁ፣ የፕሬዚዳንቱም ፖሊሲ ይኸው ነው፣ ነገር ግን አንድ ቃል ከተለወጠ ሰነዱ ከተወካዮች ምክር ቤት ጋር እንደገና መታረቅ አለበትና ጊዜ ይፈጃል አለው። ኔልሰን ማሻሻያውን ተወ።

ያቺ ዐረፍተ ነገር ብትገባ ኖሮ ጦርነቱ ይቀር ነበር ብሎ መማል አይቻልም። ጆንሰን ሌላ መንገድ ሊያገኝ ይችል ነበር። ግን ፕሬዚዳንቱ ከዚያ በኋላ ለጠየቀው ሁሉ ሰነዱን ከኪሱ እያወጣ «እናንተው ናችሁ የፈረማችሁት» ማለት አይችልም ነበር። ነሐሴ 7 ቀን የተወካዮች ምክር ቤት 416 ለ0፣ ሴኔቱ 88 ለ2 አጸደቁት።

ፉልብራይት ለምን አደረገው? አንደኛ፣ ወዳጁን አመነ። ሁለተኛ፣ ምርጫ ደርሷል። የሪፐብሊካኑ ዕጩ ባሪ ጎልድዋተር ጆንሰንን ለኮሚኒስት የሚልመጠመጥ እያለ ያጥላላዋል፤ ፉልብራይትም ጎልድዋተር ቢመረጥ ዓለም በኑክሌር ሊነድ ይችላል ብሎ ከልቡ ይፈራ ነበር። ስለዚህ ሰነዱን የጎልድዋተርን አፍ መዝጊያ፣ የሃኖይን መንግሥት ማስፈራሪያ አድርጎ አየው። የሕግ መምህር የነበረ ሰው የሕጉን ቃላት ሳይሆን የሰጪውንና የተቀባዩን ፊት አነበበ። ፖለቲካ ውስጥ ከዚህ የተለመደ ስሕተት የለም።

እምቢ ያሉት ሁለቱም ዴሞክራቶች ነበሩ፤ ሞርስና የአላስካው ኤርነስት ግሩኒንግ። ሞርስ የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ዲን የነበረ፣ በሪፐብሊካንነት ሴኔት ገብቶ፣ ከፓርቲው ወጥቶ፣ በመጨረሻ ዴሞክራት የሆነ ሰው ነው። ሲናገር ይረዝማል፣ ይቆጣል፣ ጣቱን ይቀስራል። ባልደረቦቹ እሱ ሲነሳ ከአዳራሹ ውልቅ ማለትን ለምደው ነበር። የዚያን ቀን ያለው ነገር ግን ቀላል ነው። ጦርነት የማወጅ ሥልጣን በሕገ መንግሥቱ ለኮንግረስ ተሰጥቷል፣ ኮንግረሱ ይህን ሥልጣን ለፕሬዚዳንት አሳልፎ መስጠት አይችልም፣ ይህን ድምፅ ታሪክ በስሕተትነት ይመዘግበዋል። እውነት የሚናገረው ሰው አሰልቺ ሆኖ ሲገኝ፣ አሰልቺነቱ ላለማዳመጥ ጥሩ ሰበብ ይሆናል።

በኅዳር ጆንሰን 44 ግዛቶችን ጠቅልሎ አሸነፈ። በመጋቢት 1965 የመጀመሪያዎቹ የማሪን ተዋጊ ሻለቆች ዳናንግ ላይ ወረዱ። ዓመቱ ሲያልቅ በቬትናም ያለው የአሜሪካ ጦር ከ180 ሺህ በላይ ሆኖ ነበር።

ፉልብራይት ወዲያው አልጮኸም። በሚያዝያ 1965 ለጆንሰን በግል ጽሑፍ ሰጠው፤ ሰፊ የምድርና የአየር ጦርነት ውስጥ አንግባ፣ ከቻይና ራሱን የቻለ ኮሚኒስት ቬትናም ቢኖር እንኳ ለእኛ ከጦርነቱ ይሻላል የሚል። በአደባባይ ግን ለስለስ ብሎ ፕሬዚዳንቱን ያሞግሳል። ከውስጥ ሆኜ ጆሮውን እይዛለሁ የሚል ስሌት ነበረው፤ ይህ ስሌት በየአገሩ ባለሥልጣን ቤት የሚታወቅ ነው። ያፈረሰበት ቬትናም ሳትሆን ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ናት። በዚያው ሚያዝያ ማብቂያ ጆንሰን የአሜሪካውያንን ሕይወት ለማትረፍ በሚል ወደዚያች ደሴት ጦር ላከ፤ ወዲያው ምክንያቱ ኮሚኒስቶች ሊገለብጡ ነበር ወደሚል ተለወጠ፣ የጦሩም ቁጥር ከ20 ሺህ አለፈ። ኮሚቴው ባለሥልጣናቱን በዝግ ሲመረምር ፉልብራይት የተነገረውና የሆነው እንደማይገናኙ አየ። እዚህ ከዋሹኝ ቶንኪን ላይስ ምን ብለውኝ ነበር የሚለው ጥያቄ ከዚያ በኋላ አለቀቀውም።

መስከረም 15 ቀን 1965 በሴኔቱ ተነስቶ የዶሚኒካኑን ዘመቻ በይፋ አወገዘ። ፕሬዚዳንቱ መጥፎ ምክር ተሰጠው ብሎ ለማለዘብ ሞክሮ ነበር፤ ጆንሰን ግን ማለዘቢያውን አልሰማውም። ከዚያ ወዲያ የዋይት ሃውስ የእራት ግብዣ ቀረ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ልዑካን መርቶ ኒውዚላንድ ለስብሰባ ሲሄድ በጄት ፋንታ የድሮ ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ተሰጠው። ኩርፊያው የልጅ ኩርፊያ ይመስላል፤ ሥልጣን ግን ብዙ ጊዜ የሚቀጣው እንደዚህ ነው። ሰውየውም ረጅሙን በረራ ስለ ቻይና መጻሕፍት እያነበበ አሳለፈው።

በየካቲት 1966 ፉልብራይት የነበረውን ብቸኛ መሣሪያ አወጣ። የኮሚቴ ሰብሳቢ ጦር ማዘዝም ማስመለስም አይችልም፤ ሰው ጠርቶ መጠየቅ ግን ይችላል። ስለ ቬትናም የአስተዳደሩን ባለሥልጣናትና ተቺዎችን በቴሌቪዥን ካሜራ ፊት አስቀመጠ። ጄኔራል ጄምስ ጋቪን መጣ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፓራሹት የዘለለ የታወቀ አዛዥ ነው። ጆርጅ ኬናን መጣ፤ ሶቭየት ኅብረትን ገትቶ የመያዝ ፖሊሲ አባት ተብሎ የሚጠራ ዲፕሎማት። ሁለቱም ጦርነቱን መስፋት የለበትም አሉ። በአስተዳደሩ ወገን ጄኔራል ማክስዌል ቴይለርና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ረስክ ተከራከሩ።

አሜሪካዊቷ የቤት እመቤት ልብስ እየተኮሰች ጄኔራል ከሴናተር ጋር ስለ ጦርነት ሲከራከር ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር። ሲቢኤስ ቴሌቪዥን ኬናን በተናገረበት ቀን የእሱን ምስክርነት ትቶ «አይ ላቭ ሉሲ» የተባለውን የቆየ አስቂኝ ድራማ ደግሞ አሳየ። የጣቢያው የዜና ክፍል ኃላፊ ፍሬድ ፍሬንድሊ በዚህ ምክንያት ሥራውን ለቀቀ። ይህን የሚያህል ጋዜጠኛ በሙያ ጉዳይ ወንበሩን ጥሎ ሲወጣ በየዘመኑ አይታይም። ጆንሰን ደግሞ የዜናውን አቅጣጫ ለማስቀየር በችኮላ ሆኖሉሉ በርሮ ከደቡብ ቬትናም መሪዎች ጋር ጉባኤ ተቀመጠ። ኤፍቢአይም ሴናተሮቹ የተናገሩትን ከኮሚኒስቶች አቋም ጋር እንዲያነጻጽር ተጠየቀ።

የስብሰባዎቹን ውጤት አለማጋነን ያስፈልጋል። ጦርነቱን አላስቆሙም። መጋቢት 1 ቀን 1966 ሞርስ የቶንኪኑ ውሳኔ ይሻር ብሎ ሲጠይቅ ከሴኔቱ የደገፉት 5 ብቻ ነበሩ፤ 92ቱ ጥያቄውን ወደ ጎን አደረጉት። ከአምስቱ አንዱ ፉልብራይት ነው። በዚያው ቀን ግን ለጦርነቱ ተጨማሪ ገንዘብ የሚፈቅደው ሕግ ሲቀርብ የተቃወሙት ሞርስና ግሩኒንግ ብቻ ሆኑ፤ ፉልብራይት ፈቀደ። ጦር ሜዳ ላለ ልጅ ስንቅ መከልከል ያኔም ከባድ ነበር። ስብሰባዎቹ የለወጡት ሌላ ነገር ነው። እስከዚያ ጦርነቱን የሚቃወም ሰው በአሜሪካዊው ዓይን ጸጉሩን ያስረዘመ ተማሪ ነበር። ከዚያ በኋላ ጄኔራልም፣ አምባሳደርም፣ የገዥው ፓርቲ ኮሚቴ ሰብሳቢም ሆነ። መጠራጠር አገር ከመክዳት ተለየ።

አሁን ፉልብራይትን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነት ወዳስቀረበት ነገር እንመለስ። በ1956 የደቡብ ፖለቲከኞች ጥቁርና ነጭ ተማሪዎች አብረው እንዲማሩ የወሰነውን የጠቅላይ ፍርድ ቤት ብይን የሚያወግዝ መግለጫ ሲያወጡ ፉልብራይት ፈርሟል። የ1964ቱን የዜጎች መብት ሕግ በንግግር ብዛት ለማስቀረት ከሞከሩት አንዱ ነበር። የ1965ቱን የመምረጥ መብት ሕግም ተቃውሟል። ኦክስፎርድ የተማረው፣ ለባዕድ አገር ሕዝብ ሉዓላዊነት የሚከራከረው ሰው በገዛ ግዛቱ ጥቁሮች ላይ ሲደርስ ዝም ብቻ አላለም፣ ድምፁን በእነሱ ላይ ሰጠ። አንዳንዶች በልቡ ዘረኛ አልነበረም፣ ወንበሩን ለማትረፍ ነው ይላሉ። ይህ ማስተባበያ ከሆነ ደካማ ማስተባበያ ነው፤ ያመነበትን የሚያደርግ ሰው ቢያንስ ያመነበትን አድርጓል። ማርቲን ሉተር ኪንግ በሚያዝያ 1967 ኒውዮርክ ሪቨርሳይድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጦርነቱን ሲያወግዝ፣ በዚህ ጉዳይ ከጎኑ ከቆሙት የታወቁ ፖለቲከኞች አንዱ የእሱን ሕዝብ መብት የተቃወመው ፉልብራይት ነበር።

ሁለቱ ነገሮች አይነጣጠሉም። ፉልብራይት ስለ ቬትናም እንደልቡ የተናገረው የአርካንሳስ ነጭ መራጭ በቆዳ ቀለም ጉዳይ «የኛ ሰው ነው» ብሎ ስለተወው ነው። በ1968 ይህ በግልጽ ታየ። በዚያ ዓመት የአርካንሳስ ሕዝብ ለፕሬዚዳንትነት የዘር መለያየት አቀንቃኙን ጆርጅ ዋላስን፣ ለአገረ ገዥነት ሪፐብሊካኑን ዊንትሮፕ ሮክፌለርን፣ ለሴኔት ደግሞ ጦርነት ተቃዋሚውን ዴሞክራት ፉልብራይትን መረጠ። ከመጀመሪያው ቀን እውነቱን የተናገሩት ሞርስና ግሩኒንግ በዚያው ዓመት ሁለቱም ወንበራቸውን አጡ። ሞርስ የተሸነፈው በጥቂት ሺህ ድምፅ ነው።

በዚያው 1968፣ የካቲት 20፣ ማክናማራ ሥልጣኑን ሊለቅ ቀናት ሲቀሩት ፉልብራይት ስለ ቶንኪን በድጋሚ ጠየቀው። ኮሚቴው የመርከቦቹን የመልእክት መዝገብ አግኝቶ ነበር፤ ይጣራ የሚለውም የአዛዡ ቃል እዚያ ውስጥ ነበር። ይህ ያኔ ቢነገረኝ ውሳኔውን እንደዚያ አላጣድፈውም ነበር የሚል ነው የፉልብራይት አቤቱታ። ማክናማራ ጥቃቱ ደርሷል በሚለው ጸና። በመጋቢት መጨረሻ ጆንሰን እንደማይወዳደር አስታወቀ። የጦሩ ብዛት በ1969 ከ540 ሺህ ሲያልፍ የቶንኪኑ ሰነድ ገና በሥራ ላይ ነበር። የተሻረው ኒክሰን በጥር 1971 ሲፈርምበት ነው። እሱም ቢሆን ጦሩን አላስወጣም፤ ኒክሰን እንደ ጦር አዛዥነቴ ሌላ ሥልጣን አለኝ ብሎ ቀጠለ።

ፉልብራይት ከቶንኪን በኋላ አንድ ጥያቄ አነሳ፤ ቬትናም የገባነው በማናውቀው ቃል ኪዳን ከሆነ፣ ሌላስ የት የት ቃል ገብተናል? በሰኔ 1969 ሴኔቱ ያለ ኮንግረስ ተሳትፎ የተገባ ቃል የአገሪቱ ቃል አይባልም የሚል ውሳኔ በ70 ለ16 አሳለፈ። ኮሚቴውም አሜሪካ በየአገሩ የገባችውን ወታደራዊ ስምምነት የሚመረምር ንዑስ ኮሚቴ አቋቋመ። ሰብሳቢው ስቱዋርት ሳይሚንግተን የመጀመሪያው የአየር ኃይል ሚኒስትር የነበረ፣ ለዓመታት ጦርነቱን ከደገፉት ዴሞክራቶች አንዱ፣ በኋላ ግን ተስፋ ቆርጦ የተገለበጠ ነው። መርማሪዎቹ፣ ጋዜጠኛው ዋልተር ፒንከስና ጠበቃው ሮላንድ ፖል፣ በየአገሩ ያሉ የጦር ሰፈሮችን ዞሩ። ላኦስ ውስጥ የሚካሄደውን ስውር ጦርነት፣ ከታይላንድና ከፊሊፒንስ ጋር ያለውን ውል አወጡ። ሰኔ 1 ቀን 1970 ተራው የኢትዮጵያ ሆነ።

አስመራ ላይ የነበረው ቃኘው ጣቢያ ስሙን ያገኘው ኮሪያ ከዘመተው ቃኘው ሻለቃ ነው። አሜሪካ በ1953 ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ጋር ለ25 ዓመት ተፈራርማ የያዘችው የመገናኛና የስለላ ማዕከል ነበር። በለውጡ ለኢትዮጵያ ጦር መሣሪያና ሥልጠና ይሰጣል፤ አሜሪካ ለአፍሪካ ከምትሰጠው ወታደራዊ እርዳታ ከግማሽ በላዩ ወደ አዲስ አበባ ይሄድ ነበር። ይህ በጥቅሉ የሚታወቅ ነው። ንዑስ ኮሚቴው ያወጣው ግን በ1960 በምስጢር የተገባውን ስምምነት ነው። አሜሪካ 40 ሺህ ወታደር ያለው የኢትዮጵያ ጦር ለማስታጠቅ ተስማምታለች፤ የኢትዮጵያ ደኅንነትና የግዛት አንድነት እንደሚያሳስባትም አረጋግጣለች። ስምምነቱ ለአሜሪካ ሕዝብም ለኢትዮጵያ ሕዝብም ሳይነገር 10 ዓመት ኖሯል።

የሴናተሮቹ ጥያቄ ከቬትናም የተቀዳ ነው። ኤርትራ ውስጥ ውጊያ አለ፣ ከሶማሊያ ጋር የድንበር ጠብ አለ፣ መሣሪያውና አማካሪው የእኛ ነው፤ ነገ ከነገ ወዲያ እኛም ልንገባ አይደለም ወይ? የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ባለሥልጣናት የግዛት አንድነት ማለት በጦር እንከላከላለን ማለት አይደለም ብለው ተከራከሩ። በአዲስ አበባ ጆሮ ግን ቃሉ እንዴት እንደሚሰማ ግልጽ ነው። የጥያቄና መልሱ ቃለ ጉባኤ በዚያው ዓመት በጥቅምት ለሕዝብ ታተመ። በኅዳር በኤርትራ የነበረው የሁለተኛ ክፍለ ጦር አዛዥ ጄኔራል ተሾመ እርገቱ በደፈጣ ተገደሉ፣ በታኅሣሥም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ንጉሠ ነገሥቱ በግንቦት 1973 ኒክሰንን ተጨማሪ መሣሪያ ሲጠይቁ የፈለጉትን ሳያገኙ ተመለሱ። ለዚህ ፉልብራይትና ሳይሚንግተን ብቻቸውን ተጠያቂ አይሆኑም፤ ሳተላይት መጥቶ የቃኘው ዋጋ ቀንሶ ነበር። ሆኖም ከቬትናም በኋላ ለሩቅ አገር ዘውድ ቃል ለመግባት የሚደፍር የዋሽንግተን ባለሥልጣን አስቀድሞ ሴኔቱ ምን ይለኛል ብሎ ማሰብ ነበረበት። ቃኘውን በ1977 የዘጋው ደርግ ነው።

ፉልብራይት ያኔ ሴኔት ውስጥ አልነበረም። በግንቦት 1974 በራሱ ፓርቲ የዕጩዎች ምርጫ አገረ ገዥው ዴል ባምፐርስ በሰፊ ልዩነት አሸነፈው። መራጩ ከጦርነቱ ይልቅ ስለ ራሱ ግዛት ማሰብ ትቷል፣ ርቋል ብሎ ነበር የተቀየመው። በዚያው ክረምት ግሩኒንግ በሰኔ ሞተ፤ ሞርስም የቀድሞ ወንበሩን ለማስመለስ የምርጫ ዘመቻ ላይ ሳለ በሐምሌ ሞተ። ተማሪ ሳለ በኮሚቴው ጽሕፈት ቤት የሠራው ቢል ክሊንተን ፕሬዚዳንት ሆኖ በ1993 ለቀድሞ አለቃው የነፃነት ሜዳይ ሰጠው።

ፉልብራይት የካቲት 9 ቀን 1995 አረፈ። በዚያው ዓመት በኅዳር ማክናማራ ሃኖይ ሄዶ ከሰሜን ቬትናሙ ጄኔራል ቮ ንጉየን ጂያፕ ጋር ተገናኘ። ነሐሴ 4 ቀን 1964 ምን ሆኖ ነበር ብሎ ጠየቀው። ጂያፕ ምንም አለመሆኑን ነገረው።